ከያሪስ አፍንጫ ወደ ቮልስ መሐል፦ ሞተርና ትራንስአክስል ስለማዛወር

(በፋኩልቲው ወርኃዊ የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



ወደዚህ አዳራሽ ስትመጡ ብዙዎቻችሁ በባጃጅ እንደመጣችሁ እገምታለሁ። የተሳፈራችሁበት ባጃጅ ሞተሩ የት እንዳለ ያስተዋላችሁ ግን ጥቂት ትሆናላችሁ። ከተሳፋሪው መቀመጫ በታች፣ ከኋላ ነው። ሞተሩ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በአንድነት ተጣምረው ተቀምጠዋል፤ ከዚያ ሁለት አጫጭር ዘንጎች ወጥተው የኋላ ጎማዎቹን ያዞራሉ። ካምቢዮና ዲፈረንሻል በአንድ ቤት ውስጥ ሲጣመሩ ያንን ክፍል ትራንስአክስል እንለዋለን። ስሙ የቅንጦት ይመስላል እንጂ ባሕር ዳር ውስጥ በየደቂቃው በአጠገባችን የሚያልፍ ነገር ነው።

የዛሬው ርእሴ ግን ባለአራት እግር መኪና ነው፤ ያውም ሞተሩ ከሹፌሩ ጀርባና ከኋላው አክስል ፊት፣ ማለትም በመኪናው መሐል የተቀመጠ። የስፖርት መኪና ሠሪዎች ይህን አቀማመጥ የሚመርጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከባዱ ክፍል ወደ ክብደት ማእከሉ ሲጠጋ መኪናው በቁም ዘንጉ ዙሪያ ለመዞር የሚያሳየው እምቢታ ይቀንሳል፤ መሪው ሲታዘዝ አካሉም አብሮ ይታዘዛል። ዋጋውም እንዲሁ ግልጽ ነው፦ የኋላ መቀመጫ የለም፣ ሙቀትና ጩኸት ከጀርባ ነው፣ መካኒኩም ሻማ ለመቀየር እጁን እንደ ሐኪም ማጠማዘዝ አለበት።

በአገራችን ሞተሩ ከኋላ የሆነ መኪና እንግዳ አይደለም። በዕድሜ የገፋን ሰዎች የአዲስ አበባን የሰይቼንቶ ታክሲዎች እናስታውሳለን። ሰይቼንቶ በጣልያንኛ ስድስት መቶ ማለት ነው፤ ፊያት እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጣው የፊያት 600 ስም ነው። ከእርሱ ጋር ቮልስ ነበረ፤ ዛሬም አለ። ሁለቱም ግን ሞተራቸው ከኋላው አክስል ኋላ እንጂ ፊት አይደለም። ይህ የአንድ ክንድ ያህል ልዩነት ኋላ እንደምታዩት ትልቅ ጣጣ ያመጣል።

ነገሩን ለንግግር ያበቃው አንድ ጥያቄ ነው። ባለፈው ክረምት በፋሲሎ የሚሠራ አንድ ወጣት መካኒክ ቢሮዬ ድረስ መጣ። ከአባቱ የወረሰው ቮልስ ሞተሩ ተሰንጥቋል። በሌላ በኩል፣ ከፊት ሳይሆን ከኋላ የተገጨ፣ ሞተሩና በእጅ የሚቀየር ካምቢዮው ደኅና የሆነ 1.3 ሊትር ያሪስ አግኝቶ ቀብድ ከፍሏል። «ጋሼ፣ የያሪሱን ሞተር ከነካምቢዮው ከቮልሱ የኋላ መቀመጫ ቦታ ላስቀምጠው ነው። ይሆናል አይሆንም ብለው ይንገሩኝ» አለኝ።

እስኪ እናንተም ቆም ብላችሁ አስቡት። ይህ ልጅ የጠየቀኝ ቮልስን ባለመሐል ሞተር የስፖርት መኪና ስለማድረግ ነው። አነጋገሩ የዋህ ይመስላል እንጂ ሐሳቡ የዋህ አይደለም። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1984 ኤምአር2 የተባለውን መኪና ሲያወጣ ያደረገው በመሠረቱ ይህንኑ ነው፤ ለፊት ጎማ ነጂ ኮሮላ የተዘጋጀውን ወርድ ለወርድ የተጋደመ 1.6 ሊትር ሞተር ከነትራንስአክስሉ አንሥቶ ከሹፌሩ ጀርባ አስቀመጠው። ለስፖርት መኪና ብቻ ተብሎ አዲስ ሞተርና አዲስ ካምቢዮ መንደፍ የሚያስወጣውን ወጪ አስቀረ። ልዩነቱ፣ ቶዮታ የሙከራ ጣቢያና የመሐንዲሶች ጓድ ነበረው፤ የእኛ ልጅ የብየዳ ማሽን፣ በጓደኛው ቤት የሚገኝ ቶርኖና ለቀብድ ያወጣው የቁጠባ ገንዘብ ነበረው።

አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። ልጁ ያሪስን በመምረጡ ብቻ ግማሹን ሥራ በትክክል ጀምሯል። ሌላ ሰው ቢሆን በየጋራዡ የሚገኘውን፣ ሁሉም የሚያውቀውን የዲኤክስ ሞተር ያመጣ ነበር። ዲኤክስ ግን የኋላ ጎማ ነጂ ነው፤ ሞተሩ ርዝመቱን ይዞ ከፊት ይቀመጣል፣ ካምቢዮው ለብቻው፣ ዲፈረንሻሉም ለብቻው ከኋላ ነው። ትራንስአክስል የሚባል ነገር የለውም። ለመሐል ሞተር ብዙ አይረዳም።

እንግዲህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አዲሱን ሞተር ከቮልሱ ነባር ትራንስአክስል ጋር ማጋባት ነው። ሁለተኛው ሞተሩን ከራሱ ትራንስአክስል ሳይለዩ ማዛወር ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ርካሽ ይመስላል፤ ብዙ ሰውም በዚህ ይሳባል። በቮልሱ ላይ ከፊት ወደ ኋላ ስንቆጥር ካምቢዮው ይቀድማል፣ ዲፈረንሻሉና አክስሉ ይከተላሉ፣ ሞተሩ የመጨረሻው ነው። ሞተሩን ወደ መሐል ለማምጣት ሙሉውን ጥምር መቶ ሰማንያ ዲግሪ ማዞር ያስፈልጋል። ስናዞረው ምን ይሆናል? ሞተሩ የሚዞርበት አቅጣጫ ከካምቢዮው ጋር ሲነጻጸር አልተለወጠም፤ ከመኪናው ጋር ሲነጻጸር ግን ጎማዎቹ በተቃራኒው ይዞራሉ። በእጃችሁ የያዛችሁት መኪና አራት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ያለው ነው! ተማሪዎች ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ያወቀ ሰው ግን አይስቅም።

መፍትሔው አለ፤ የታወቀም ነው። ሎተስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1966 ያቀረበው ዩሮፓ ይህንኑ ችግር ገጥሞት ነበር። ኮሊን ቻፕማን ለርካሽ የመሐል ሞተር መኪና የመረጠው የሬኖ 16ን ሞተርና ካምቢዮ ነው። ሬኖ 16 የፊት ጎማ ነጂ ሆኖ ካምቢዮው ከፊት፣ ሞተሩ ከካምቢዮው ኋላ ነበር። ሎተስ ጥምሩን አዙሮ ከኋላ ተከለው፤ የጎማዎቹን አዟዟር ለማስተካከል ደግሞ በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለውን ትልቁን የቀለበት ጥርስ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን አዛወረው። ትንሹ ጥርስ ማለትም ፒኒዮኑ እንደወትሮው ይዞራል፤ ቀለበቱ ግን በተቃራኒ ጎኑ ስለሚነካው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። በቮልስ ትራንስአክስል ላይም ይህ ሊሠራ ይችላል፤ ቮልስን ለበረሃ ውድድር የሚቀይሩ ሰዎች ሞተሩን ወደ መሐል ሲያመጡ የሚያደርጉት ይኸው ነው።

ታዲያ ሞተሩ ራሱ በተቃራኒ የሚዞር ቢሆንስ ይላል አንዱ። እንደዚህ ያሉ ሞተሮች አሉ፤ የሸቭሮሌ ኮርቬር ሞተር አንዱ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቀለበትና የፒኒዮን ጥርሶች ሁለት ፊት አላቸው፦ መኪናው ወደፊት ሲነዳ የሚገፋው ፊትና ሞተሩ ፍሬን ሲይዝ የሚገፋው ፊት። ዘወትር የሚሠራው የመጀመሪያው ነው፤ ቅርጹም ኩሽኔታውም ለእርሱ ተብሎ ተዘጋጅቷል። ፒኒዮኑን ለዘለቄታው በተቃራኒ ካዞርነው ጭነቱ በሁለተኛው ፊት ላይ ያርፋል፤ ፒኒዮኑን የሚገፋው የቁመት ግፊትም አቅጣጫውን ይለውጣል። ቀለበቱን በማዛወርና የፒኒዮኑን አዟዟር በመገልበጥ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ጎማውን ወደፊት ያዞራሉ፤ ከውስጥ ግን አንዱ ያቆያል፣ ሌላው ይበላል።

ከአዟዟሩ ቀጥሎ የማጋቢያ ሰሌዳው ጉዳይ ይመጣል። የሞተሩ የቡሎን ቀዳዳዎች ከካምቢዮው ቀዳዳዎች ጋር ስለማይገጥሙ በመካከል ወፍራም የአሉሚኒየም ሰሌዳ ይገባል። ቶርኖ ያለው ሁሉ ሰሌዳ መሥራት ይችላል። ችግሩ የሁለቱ ዘንጎች ማእከል መግጠሙ ነው። ብዙ የአሠራር መመሪያዎች የማእከል መዛነፉ በመለኪያ ሰዓት ሲነበብ ከ0.13 ሚሊሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ይጠይቃሉ፤ ይህ የአንድ ተራ ወረቀት ውፍረት ያህል ነው። ከዚያ ካለፈ መኪናው ይነሣል፣ ይሄዳል፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ የካምቢዮው መግቢያ ኩሽኔታ መጮኽ ይጀምራል፣ የፍሪሲዮኑ ሸራ መሐል ይሰነጠቃል፣ መካኒኩም «የቻይና ዕቃ ነው» ይላል። ዕቃው ከቻይናም ይምጣ ከጀርመን ጥፋቱ የማእከሉ ነው። ቮላኖው ከሞተሩ፣ የፍሪሲዮኑ ሸራ ጥርስ ከካምቢዮው ዘንግ መመሳሰል እንዳለበትም አትርሱ፤ ሸራው የሁለት ቤተሰብ ልጅ መሆን አለበት።

ሦስተኛው ጉዳይ ጉልበት ነው። የድሮው 1200 ቮልስ 34 የፈረስ ጉልበትና 82 ኒውተን ሜትር ገደማ የማዞር ኃይል ነበረው። የያሪሱ 120 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ተኩል ጊዜ መሆኑ ነው። በመጀመሪያ ማርሽ 3.8 እና በመጨረሻው ጥርስ 4.375 ስናባዛ አሮጌው ሞተር በአክስሉ ላይ 1,360 ኒውተን ሜትር ያህል፣ አዲሱ ወደ 2,000 ያህል ያደርሳል። ነባሩ ትራንስአክስል ለዘመኑ ሞተር የተሠራ ነው። በጠጠር መንገድ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ካምቢዮውን ያድነዋል። ሰፊ ጎማ አድርጎ በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሪሲዮኑን በድንገት የሚለቅ ሹፌር ግን ዕዳውን የሚያስከፍለው ጥርሱን ነው።

ስለዚህ ለልጁ የመጀመሪያውን መንገድ ተወው አልኩት። ሞተሩ ከራሱ ትራንስአክስል ጋር ከተዛወረ ማጋቢያ ሰሌዳ የለም፣ የማእከል ጣጣ የለም፣ ጥርሱም ሞተሩን ያውቀዋል። ወርድ ለወርድ የተጋደመ ስለሆነና ሳይዞር ቀጥታ ወደኋላ ስለሚሄድ የአዟዟር ችግርም አይነሣም። የፊት ጎማን ወደፊት ያዞር የነበረ ሁሉ የኋላ ጎማንም ወደፊት ያዞራል። ኤምአር2ን ያቀለለው ይህ ነው።

ልጁ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። እኔ ግን ወደ ቮልሱ ሆድ ሥር ገብቶ እንዲያይ ነገርኩት፤ ችግሩ እዚያ ነበርና። የቮልስ የኋላ ተንጠልጣይ ምንጩ ተርሽን ባር ነው። ከኋላ መቀመጫው በታች፣ ከአክስሉ ፊት ለፊት፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያቋርጥ ቱቦ አለ፤ ባሮቹ በውስጡ ናቸው። ሞተሩን የሚያስቀምጥበት ቦታ ትክክል እርሱ ያለበት ቦታ ነው። ቱቦውን መቁረጥ ማለት የኋላ ጎማዎቹ ከመኪናው ጋር የተያያዙበትን ነገር መቁረጥ ማለት ነው። ከተቆረጠ በኋላ የያሪሱን የፊት ተንጠልጣይ ሙሉ በሙሉ፣ ማለትም ክንዶቹንና ድጋፍ ፍሬሙን፣ ማምጣትና የላይኛውን የአሞርቲዘር መቀመጫ ከላሜራ በላይ በሆነ ነገር ከቮልሱ አካል ጋር ማሰር ግድ ይሆናል። ቮልስ መሐሉን ይዞ የሚሄድ የጀርባ አጥንት አለው፤ ከኋላ ያለው ላሜራ ግን ይህን ሁሉ ጭነት ሊሸከም አልተሠራም።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የምፈራው ነገር። የያሪስ የፊት ጎማዎች መሪ የሚቀበሉ ጎማዎች ናቸው። ወደኋላ ሲሄዱ መሪ አያስፈልጋቸውም፤ ስለዚህ መሪው ይገፋው የነበረው ዘንግ ከአንድ ቋሚ ነጥብ ጋር ይታሰራል። የት ነጥብ? «በተገኘበት» የሚል መልስ ሰው ይገድላል። ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ የታችኛው ክንድ በአንድ ቅስት፣ ያ ዘንግ በሌላ ቅስት ይንቀሳቀሳል። ሁለቱ ቅስቶች ካልተስማሙ ጎማው በወጣና በወረደ ቁጥር ራሱን ወደ ግራና ቀኝ ያጥፋል። የፊት ጎማ ቢያጥፍ ሹፌሩ በመሪው ይሰማዋል፤ የኋላ ጎማ ሲያጥፍ ግን ማንም አይነግረውም፣ መኪናው ብቻ በድንገት ጅራቱን ያወጣል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ በኩርባ ላይ ይህ ቢሆን ለማስተካከል ጊዜ የለም። ቶዮታ ይህን ዘንግ ያሰረበት ነጥብ ተሰልቶ የተገኘ ነው። በገመድና በካርቶን ሞዴልም ቢሆን ሊሰላ ይችላል፤ ለልጁ ያሳየሁት በካርቶን ነበር።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። የያሪስ ጎማ የሚታሰርባቸው አራት ቡሎኖች በ100 ሚሊሜትር ክብ ላይ ናቸው፤ የቮልስ እንደ ዘመኑ በ130 ወይም በ205 ነው፤ ስለዚህ ለአንድ መኪና ሁለት ዓይነት መለዋወጫ ጎማ መያዝ ይመጣል። የካምቢዮው ኬብሎች መርዘም አለባቸው። የሞተሩ ኮምፒዩተር ከቁልፉና ከሽቦዎቹ ጋር ካልመጣ ሞተሩ ብረት ብቻ ነው። በሞተሩና በተሳፋሪው መካከል ጢስና እሳት የማያሳልፍ ግድግዳ ይቆማል። ስለ ፍሬን አንድ ቁጥር ብቻ፦ ከ80 ወደ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት የጨመረ መኪና ለማቆም የሚጠይቀው ኃይል 2.25 እጥፍ ነው፤ የድሮው የቮልስ ከበሮ ፍሬን ደግሞ ይህን አልተዋዋለም።

ውኃው ትንሽ ያቆመናል፤ የከፍታ ጉዳይ ነውና። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው በ16 በመቶ ያህል ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ገደማ ጉልበት ያጣል። ውኃም እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራዲያተሩ ከቮልሱ አፍንጫ ተቀምጦ ረጃጅም ቧንቧዎች ወደ መሐል ሲሄዱ በከፍተኛው ነጥብ አየር ይታቈራል። አየሩን የሚያወጣ ቀዳዳ ያልተሠራለት ሞተር፣ ራዲያተሩ ቀዝቅዞ እያለ የሲሊንደር ራሱን ያቃጥላል። ክዳኑ ጥሩ ግፊት መያዙ በዝቅተኛ ቦታ ምቾት ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን ግዴታ ነው።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለን። ሊብሬው የሻንሲውንም የሞተሩንም ቁጥር ይይዛል። የሞተር ቁጥሩ ተቀይሮ ሊብሬው ካልተስተካከለ መኪናው በፖሊስ ዓይን የተሰረቀ ሞተር የተሸከመ መኪና ነው፤ ሲሸጥም፣ ሲጋጭም፣ ካሣ ሲጠየቅም ጣጣው ይመጣል። ያሪሱን ሲገዛ የሽያጭ ውሉና የቀድሞው ሊብሬ እንዳይጠፋበት ለልጁ አጥብቄ ነገርኩት። ይህን ከፍሬን ስሌቱ ይበልጥ የደጋገምኩት ሳይሆን አይቀርም። ሆኖም የዓመቱ ምርመራ ፍሬንን ይለካል፣ መብራትን ያያል፣ ጢስን ይመረምራል፤ የተቆረጠ ቱቦን ተክቶ የቆመ ብየዳ ምን ያህል እንደሚችል የሚነግር መሣሪያ ግን በመስመሩ ላይ የለም። ያንን የሚያውቀው ሥዕል የሠራና ያሰላ ሰው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ለመምህራን አንድ ነገር እላለሁ። ይህ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ፖሊ ቴክኒክ ሆኖ ሲቆም ከሙያ ዘርፎቹ መካከል የእርሻ መካኒክና የብረታ ብረት ቴክኖሎጂ ነበሩ፤ የቆመውም እጅን ከስሌት ጋር ለማገናኘት ነው። ዛሬ እጁ በፋሲሎና በሌሎቹ ሠፈሮች ጋራዦች ውስጥ አለ፤ ስሌቱ በእኛ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀርቷል። የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን ለማንም የማይሠራ ማሽን ሲነድፉበት በየዓመቱ አያለሁ። የዚህን ልጅ የድጋፍ ፍሬም ቢነድፉ ምን ይጎድልባቸዋል? በእኔ በኩል ሁለት ተማሪዎች እንዲሠሩት መድቤአለሁ፤ ቱቦው እስኪሰላ ድረስ መጋዝ እንዳይነካው ልጁን ቃል አስገብቼዋለሁ። መልሴ እንግዲህ «ይሆናል፤ በዚህ ቅደም ተከተል ከሆነ» የሚል ነበር።

በመጨረሻ፣ ነገሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ላንሣ። ያገለገሉ መኪናዎች ላይ የተጣለው ኤክሳይስ ከባድ ነው፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። አሮጌ አካል ጥሎ አዲስ መግዛት ለብዙ ሰው እየራቀ ነው፤ ስለዚህ ማዛወሩ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። ቮልስዋገን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ከሌላ ድርጅት ጋር ሆኖ የድሮውን ቮልስ በኢ-አፕ የኤሌክትሪክ ሞተርና ባለአንድ ማርሽ ማስተላለፊያ የሚቀይር ሥራ አሳይቷል።

የኤሌክትሪክ ሞተር ቅድም ያየናቸውን አንዳንድ ጣጣዎች ያጠፋል። ከፍታው ጉልበቱን አይቀንሰውም። አዟዟሩን መገልበጥ የሁለት ሽቦ ጉዳይ ነው፤ ምንም እንኳ በነባር ትራንስአክስል ላይ ከተደረገ የጥርሱ ፊት ክርክር እንዳለ ቢቆይም። የማእከሉ 0.13 ሚሊሜትር ግን የትም አልሄደም። እንዲያውም ሞተሩ ከዜሮ ዙር ጀምሮ ሙሉ የማዞር ኃይሉን ስለሚሰጥ ጥርሱ የሚቀበለው ድንገተኛ ጭነት የበረታ ነው።

ደግሞ የዓባይ በረሃን አስቡ። አንድ ሺህ ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከደጀን ወደ ድልድዩ አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ ወደ 2.7 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል መጣል አለበት። በቤንዚን ሞተር ይህ ኃይል በሞተር ፍሬንና በፍሬን ሸራ ሙቀት ይባክናል። በኤሌክትሪክ ግን ከፊሉ ወደ ባትሪው ሊመለስ ይችላል፤ ባትሪው ቦታ ካለው። ደጀን ላይ ሙሉ በሙሉ ሞልቶ የሚነሣ ሰው ለመመለሻው ኃይል ቦታ የለውም፤ ቁልቁለቱን በፍሬን ሸራ ብቻ ይወርዳል። ስለዚህ የነባሩን ፍሬን ስፋት የምናሰላው ባትሪው ሙሉ ነው ብለን ነው።

ፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ የተፈታ የባጃጅ ትራንስአክስልና የቮልስ ዲፈረንሻል አሉ። ቀለበቱን ከጎን ወደ ጎን እያዛወራችሁ ዘንጉን በእጃችሁ አዙሩት፤ ጥያቄዎቻችሁን እዚያው ቆመን እንቀጥላለን።